ሽቅቡ አስራ ሦስት ከአምስት

አብዱልሰመድ ይመር ባርጅ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ አይቸኩልም።

“መርከብ አይደለም” ብሎ ይጀምራል። “መርከብ ሞተር አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ኩራት አለው። ባርጅ የሜዳ ያህል የተንጣለለ የብረት ወለል ነው እንጂ ብቻውን አንዲት ክንድ አይራመድም። ጎታች ጀልባ ከፊቱ ሆና በገመድ ትስበዋለች። በመርከብ ሆድ አልገባ ያለ ግዙፍ ዕቃ ሁሉ ባሕር የሚሻገረው በእሱ ጀርባ ላይ ነው።” ከዚያ “አይናገርም፤ ይሸከማል” ብሎ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ የሚያወራው ግን ባሕር የአንድ ቀን ሙሉ የመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝበት በኮሎምበስ ኦሃዮ ተቀምጦ ነውና ሰሚዎቹ ይስቃሉ። እሱ አይከፋውም። ከከተማው በስተደቡብ፣ ኦቤትስ ውስጥ፣ መጋዘኖቹ ሲያልቁ የሚጀምር አንድ ሰፊ ግቢ አለ። በአካባቢው ፋብሪካዎች የተበየዱ የድልድይ ብረቶች መጥተው የሚያርፉት እዚያ ነው። ከዚያ በረጅም ትሬለር ተጭነው ወደ ደቡብ፣ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ይወርዳሉ፤ በወንዝ ባርጅ ብዙ ቀን ተጉዘው በአገሩ ደቡብ ጫፍ ያለው ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይደርሳሉ፤ እዚያ ወደ ባሕሩ ባርጅ ይዛወሩና ድልድይ ወደሚጠብቁ ደሴቶች ይሄዳሉ። አብዱልሰመድ የዚህ ሁሉ መንገድ መነሻ ላይ ሜትር ይዞ የቆመ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ለክቷል። አንድ ቀን እንኳ የለካውን ተከትሎ ወንዙ ድረስ ሄዶ አያውቅም።

መለካት የተማረው አሰብ ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ከባቲ ወርዶ ወደቡ ላይ ሥራ ሲገባ፣ ጦሃ የሚባሉ አዛውንት የዕቃ ለኪ አጠገባቸው አቆሙትና ሦስት ቃል አስያዙት፦ ቁመት፣ ወርድ፣ ሽቅብ። መሬት ላይ የተጋደመ የብረት ምሰሶ አሳይተውት “ቁመቱ የቱ ነው?” ቢሉት ልጅ ነውና ወደ ላይ ጠቆመ። ጦሃ ሳቁበት። “አንተ ስትተኛ ቁመትህ ያጥራል? ዕቃም ተኝቶ ቁመት አለው። ከመሬት ወደ ሰማይ ያለውን ሽቅብ በለው።” አብዱልሰመድ ይህን ነገር ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ አድርጎ አላየውም። የተኛ ሁሉ አላጠረም የሚለው ሐሳብ፣ ወደቡ በድንበሩ ማዶ ቀርቶ እሱ በአንዲት ሻንጣ አዲስ አበባ ሲገባም፣ መርካቶ ብረት ቤት አስራ ሁለት ዓመት ሲቆም፣ ኋላም የዲቪ ዕጣ ወጥቶለት ከባለቤቱ ከከድጃና ከአራት ዓመት ልጃቸው ከኸውላ ጋር እዚህ መጥቶ የሰው ካርቶን ሲደረድር፣ አብሮት ዞሯል።

ኸውላ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ባለው ቤታቸው አደገች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አብዱልሰመድ “ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ?” ይላል፣ “ጉድ” ትለዋለች። “ምሳ በላሽ?” ሲላት “ያ።” ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ተነጋገሩ። ልጅቷ ትወደዋለች፣ እሱም ይህን ያውቃል፤ ግን አንዳንድ ምሽት አንዱ በአንዱ ቋንቋ ደጃፍ ቆሞ ሳይገባ የሚመለስ ይመስለው ነበር።

ኮሌጅ ስትጨርስ እነዚያኑ ብረቶች በሚያጓጉዘው ድርጅት፣ ዳውንታውን ባለው ቢሮ ተቀጠረች። ሁለት ዓመት የሌሎችን ወረቀት ስታስተካክል ቆይታ፣ በዚህ መጋቢት አለቃዋ ጠርታ የራሷን ሎድ፣ ከግቢው እስከ ባርጁ የምትመራውን አንድ ጭነት፣ ሰጠቻት። የመጀመሪያዋ ነው። መንገዱን እሷ ትመርጣለች፣ ከመንግሥት ቢሮ ፐርሚቱን፣ የመንገድ ፈቃዱን፣ እሷ ታወጣለች፣ ባርጁ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እሷ ትስላለች። ከተሳካ ፕላነር፣ የጭነት ጉዞ አቃጅ፣ ትሆናለች፤ ካልተሳካ ወደ ወረቀቱ ትመለሳለች። ፐርሚት ያለ ልክ አይወጣም፤ ልኩ ያለው ደግሞ አባቷ እጅ ላይ ነው።

“ልኩን እሰጥሻለሁ፤ አንድ ነገር ግን አለኝ” አላት።

“ዋት?”

“በሥራ ስልክ ከእኔ ጋር በአማርኛ ብቻ።”

ኸውላ ከት ብላ ሳቀች። “ዲል!” አለች።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረና የጠዋት ስልክ መጣ። ብረቱ ገና ፋብሪካ ስለነበር ልክ አልተነሣም፤ ስለ መንገዱና ስለ ትሬለሩ እያወሩ፣ እሷ ቃል እየጠየቀች፣ እሱ እየመለሰ፣ ስድስት ሳምንት ሄደ። ከድጃ ባሏ ጠዋት ጠዋት ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚለብስ ታዝባ “ሙሽራ ልትሆን ነው?” እያለች ትነካካው ነበር።

የኸውላ ሎድ የድልድይ እግር ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚተከልበት ወፍራም የብረት ሣጥን። የቀረው የድልድዩ አካል ቀድሞ ሄዷል፤ የባሕሩ ባርጅ የሚጠብቀው እሱን ብቻ ነው። የማዕበሉ ወራት ሳይገባ መነሳት ስላለበትም ብዙ አይጠብቅም። እግሩ ግቢው ሲደርስ አብዱልሰመድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ለካውና ስልኩን አነሳ።

“አባ፣ ሬዲ ነህ?”

“በአማርኛ።”

“እሺ፣ እሺ። ተዘጋጅተሃል?”

“ጻፊ። ቁመቱ አስራ ሁለት ጫማ ከአራት ኢንች።”

“አስራ ሁለት ከአራት።”

“ወርዱ ድፍን አስራ አንድ።”

“ድፍን ምንድነው?”

“ትርፍም ጉድለትም የሌለው።”

“ድፍን” አለች እየቀመሰችው። “ደስ ሲል። ቀጥል።”

“ሽቅቡ አስራ ሦስት ከአምስት።”

ኸውላ አንድ ቃል አሁን ጠይቃለች፤ ሁለተኛ መጠየቅ አሳፈራት። ፎርሙ ላይ ሦስት ክፍት ቦታ ነበር፤ ሁለቱን ሞልታለች፤ የቀረው አንድ ነው። አስራ ሦስት ከአምስትን እዚያ አስገባችው።

“ድገሚልኝ” አላት። ደገመችለት። ከቁጥሮቹ አንዱም አልተዛነፈም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ስልኩን ዘጉ።

የጭነቱ ዕለት ሹፌሩ ፍቅረማርያም ገና ሳይነጋ መጣ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀልድ የማያጣው ሰው ነው። ብረቱ ትሬለሩ ላይ ወጥቶ በሰንሰለት ከታሰረ በኋላ፣ እንደ ልማዱ የመለኪያ ዘንጉን ከመኪናው ጎን ፈታ፤ አብዱልሰመድን አየና መልሶ አሰረው።

“አትለካም?” አለው አብዱልሰመድ።

“ጋሼ ሰመድ በለኩት ላይ እኔ ዘንግ ላንሳ? ምነው፣ እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም!”

አብዱልሰመድ “ለካ፣ ሥራህ ነው” ማለት ነበረበት። አላለም። ሰው ሲያከብረው ደስ ያለው ሽማግሌ፣ ፈገግ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ከፊት አጃቢ መኪና ወጣች። አፍንጫዋ ላይ ረጅም ዘንግ ተተክሎባታል፤ ዘንጉ ድልድይ ከነካ ከኋላ ያለው ጭነት ይቆማል። ዘንጉ ግን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። የሚስተካከለው ወረቀቱ ባለው ልክ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ሁለቱም መኪኖች በሃያ ሦስት ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ጠፉ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አብዱልሰመድ ሻይ ሊጠጣ ወደ ግቢው ቢሮ ገባ። የፐርሚቱ ግልባጭ ሰሌዳው ላይ ተሰክቷል። የልጁን ስም ከታች ለማየት ብሎ ነበር መነጽሩን ያጠለቀው። ስሟን አየ፤ ደስ አለው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ወጣ። የጭነቱ ከፍታ ከመሬት፣ ከነትሬለሩ፦ ድፍን አስራ አራት።

አስራ አራት?

ትሬለሩ ብቻውን አንድ ጫማ ከስምንት ነው። አስራ ሦስት ከአምስት ሲጨመርበት አስራ አምስት ከአንድ ይመጣል። እሷ ግን የደመረችው አስራ ሁለት ከአራትን ነው። ቁመቱን። የወንዙ ወደብ አጠገብ፣ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት ዝቅ ያለ ድልድይ እንዳለ ያውቃል፤ ልጁ መንገዱን በስልክ ስታነብለት ሰምቷል፦ አስራ አራት ከስድስት። ሰባት ኢንች። የልጁ ሥራ፣ ስሟ፣ አጃቢዋን የሚነዳው ሰውም፣ ኋላ ያለው ፍቅረማርያምም፣ ሁሉ በሰባት ኢንች ውስጥ ገቡ።

ስልኩን አወጣ።

“ኸውላ! ስቶፕ ዘ ትራክ! ስቶፕ ሂም ናው!”

በእንግሊዝኛ ነበር የጮኸው። የራሱን ሕግ ራሱ እንዳፈረሰ ልብ አላለም። ልጁ ግን መለሰችለት፤ ደንግጣ፣ በአማርኛ፦

“አባ! ምን ሆንክ? አሞሃል?”

ነገራት። ከዚያ “ቆይ” አለችና ስልኩ ተዘጋ። እሱም ቆየ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ጠብቋል፤ ቪዛም፣ ሰላምም፤ እንደዚያ አራት ደቂቃ ግን የረዘመበት የለም። ስልኩ ሲጮህ “ቆሟል” አለች። “ሰርክልቪልን አልፎ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ገብቷል። አባ፣ መጣሁ። ፐርሚቱን የሚያርሙልኝ ትሬለሩ ላይ እንዳለ ራሴ ከለካሁት ነው። ሜትርህን ያዝ።”

መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ዓይኗ ቀልቷል። መንገድ ከያዙ በኋላ እሱ ጀመረ።

“ለአለቃሽ፣ የለካው ሰው ተሳሳተ በያት።”

“አልተሳሳትክም።”

“እኔ ምን ያደርጉኛል? ጡረታዬ ደርሷል። አንቺ ግን ገና...”

“አባ፣ ሎዱ የእኔ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።”

“ቃሉ ግን የእኔ ነው! በአማርኛ ካልሆነ ያልኩሽ እኔ። በራሳቸው ቋንቋ ብነግርሽ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?”

በር ላይ ቆመው “ይግቡ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ” እንደሚባባሉ ሁለት እንግዶች፣ ጥፋቱን አንዱ ለሌላው አልለቅም እያለ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ኸውላ ስልኩን ደወለችና ድምፁን ለቀቀችው። አለቃዋ ስትሰማት፣ አብዱልሰመድ በቀጥታ የሰማውና የገባው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ “ማይ ሚስቴክ” ስትል ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ። ከወዲያኛው ጫፍ “መጀመሪያ ለኪው፤ ሌላውን በኋላ እናወራለን” የሚል መልስ መጣ።

ጥቂት ከተጓዙ በኋላ “ግን አባ” አለች፤ አሁን ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። “ቁመት እንዴት ወደ ጎን ይሆናል? ቁመት እኮ...” አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ወደ ላይ አሳየችው። “ቁመትማ የእኔ ነው። ኪችን በር ላይ ያለው።”

አብዱልሰመድ ልጅነቷ ትዝ አለው። በየዒዱ ጫማዋን አስወልቆ የበሩን መቃን ያስደግፋታል፤ እርሳሱን ጭንቅላቷ ላይ አጋድሞ ያሰምራል፤ ከጎኑም “የኸውላ ቁመት” ብሎ ይጽፋል። አስራ ሦስት መስመር። ሽቅብ የሚል ቃል እቤቱ ውስጥ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ሽቅብ የወደብ ነበር። ቁመት ወደ ላይ ነው ብሎ ያስተማራት ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ነው፤ ቀና ብላ ስታድግ እያየ፣ ደስ እያለው።

“ትክክል ነሽ” አላት በመጨረሻ። “የአንቺ ቁመት ወደ ላይ ነው። ዕቃ ብቻ ነው የሚተኛ።”

“ሽቅብስ?”

“ከመሬት ወደ ሰማይ ያለው።”

“ሽቅብ” አለች። “ሽቅብ። ይሄን መጠየቅ አፍሬ ነው ሰው ልገድል የነበረው።”

“አብሽሪ” አላት፤ የወሎ እናቱ ስታባብለው በምትልበት ድምፅ። “አልገደልሽም። አብሽሪ።”

ጋዝ ስቴሽኑ ጓሮ ፍቅረማርያም ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠበቃቸው።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዘንጌን ፈትቼ ባላሰርኩት ኖሮ...”

“እኔም ለካ ባለማለቴ ይቅር በለኝ።”

“እንኳን በጊዜ ደወላችሁ። ድልድዩ ሰባት ኢንች ሊላጨን ነበር፤ እኔ ደግሞ ከላይ የቀረኝ ፀጉር ይሄው ነው” ብሎ መላጣውን ዳበሰ። ኸውላ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መሰላል ተደገፈ። ኸውላ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ወጣች፤ አባቷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ የታችኛውን ያዘ።

“ስንት አለ?” ብሎ ጮኸ።

“አስራ አምስት ከአንድ! ሽቅቡ!”

ሁለት ጊዜ አስለካት። ፍቅረማርያምም በዘንጉ ለካ፤ ማንም አልተቀየመም። ኸውላ ልኩን በስልኳ ለቢሮው ልካ ካበቃች በኋላ ከመሰላሉ ሳትወርድ እጇን ዘረጋች።

“አባ፣ ዝናብ የማያጥበውን የብረት ቾክህን ስጠኝ። እንዴት ነው የሚጻፈው?”

“እንደምትሰሚው ጻፊው።”

ብረቱ ላይ ወደ ሰማይ የሚያይ ትልቅ ቀስት ሳለች። ከስሩ፣ ልጅ ሆና መስጊድ ግቢ ውስጥ በነበረው የቅዳሜ ትምህርት በተማረቻቸው ፊደላት፣ እየተጠነቀቀች ሦስት ሆሄ ጻፈች። አብዱልሰመድ ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ስለነበር አላነበበውም።

የታረመው ፐርሚት ከቀትር በኋላ መጣ። አዲሱ መንገድ ዝቅተኛውን ድልድይ ትቶ በእርሻ መካከል ይዞራል። አባትና ልጅ ከትሬለሩ ኋላ ቀስ ብለው ተከተሉ፤ ማንም እንዲከተሉ አላዘዛቸውም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ክሬኑ ሥራ ሊያበቃ አንድ ሰዓት አልቀረውም ነበር። የድልድዩ እግር ከትሬለሩ ተነስቶ አየር ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከዚያ ሰፊው የብረት ወለል ላይ፣ ኸውላ በሳለችለት ቦታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። ባርጁ ከክብደቱ የተነሣ ጥቂት ዝቅ አለና ዝም አለ።

“ይሄ ነው?” አለች።

“ይሄ የወንዙ ነው። የባሕሩ የዚህን ሦስት እጥፍ ይሆናል።” ከአሰብ ወዲህ ባርጅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። “አየሽ” አላት ብቻ። “አይናገርም።”

በነጋታው አለቃዋ ውሳኔዋን ነገረቻት። ኸውላ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ከድልድይ በፊት የደወለ ፕላነር ከድልድይ በኋላ ከሚደውል ይሻላል ብላታለች። ሆኖም ሦስት ወር በሌላ ፕላነር ፊርማ ሥር ትሠራለች፤ ልክ ደግሞ ከእንግዲህ በስልክ አይሰጥም። ሥዕልና ቀስት ባለበት ፎርም፣ በእንግሊዝኛ ብቻ።

አብዱልሰመድ ተገቢ ነው አለ። ከልቡም ነበር። የጠዋቱ ስልክ ግን ቀረ። ፎርሙን ይሞላል፤ ወረቀቱ ወደ ዳውንታውን ይሄዳል፤ የልጁ ሥራ ይሰምራል። ቅዳሜ ስትመጣ “እንዴት ሰነበትሽ?” ይላታል፤ “ጉድ” ትለዋለች። ከድጃ ቁርስ ላይ ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ ሲያፈጥ አይታ “ምን ታየዋለህ? እንቁላል አይደል፣ አይፈለፈልልህ” አለችው። እሷም እንደሱ እንደምትጠብቅ ግን ያውቅ ነበር፤ ሻዩን እንደ ድሮው ሰዓት ቀደም አድርጋ ነው የምታቀርበው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በዚያችው በድሮዋ ሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ።

“አባ፣ የሥራ አይደለም” አለች ኸውላ። “ፎቶ ልኬልሃለሁ። ክፈተው።”

ከድጃም በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየች። ሰማያዊ ውኃ፤ ውኃው ላይ ሜዳ የሚያህል ባርጅ፤ ከፊቱ ገመድ የወጠረች ትንሽ ጀልባ። ባርጁ ላይ የድልድዩ አካላት ተኝተዋል፣ እንዳይንሸራተቱ ወለሉ ላይ ተበይደው። መሐል ላይ እግሩ ቆሟል። አብዱልሰመድ በሁለት ጣቱ ምስሉን አሰፋው፣ ደግሞ አሰፋው። ዝናብና የወንዝ እርጥበት ያልፈጀው ነጭ ቀስት ታየው። ከስሩ ሦስት ሆሄ።

ሽቀብ።

ሳድሱ ግዕዝ ሆኗል። አብዱልሰመድ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የፊደል ግድፈት ካየ ገብቶ ሳይናገር የማያልፍ ሰው ነው፤ ኮሎምበስ ውስጥ በዚህ ያላስቀየመው ባለ ሱቅ የለም።

“ታየህ? ትክክል ነው የጻፍኩት?” አለች።

“ይነበባል” አላት። “ጥሩ አድርጎ ይነበባል።”

“ዛሬ ነው የተነሣው። ደሴቱ ጋ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?”

“ባሕሩ እንደፈቀደ ነው። ስምንትም ቀን፣ አስርም ቀን።”

“ድፍን አስር ይሁን” አለች። “ቢሮ የት እንደደረሰ የምናይበት ካርታ አለ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ኮል አድርጌ እነግርሃለሁ።”

“በአማርኛ?”

“እና በምን?” አለችው።

ስልኩ ሲዘጋ ከድጃ ሻዩን አስጠጋችለት። “እኔ ግን ያልገባኝ” አለች ፎቶውን እያየች፣ “ሽቀብ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ወደ ላይ ማለት ነው” አለ አብዱልሰመድ። “ዝም በያት፤ አንድ ፊደል ስታለች፣ እንዳትነግሪያት።”